በዒሻ ሰዓት የሚጠፋው መብራት

መብራቱ ለሁለት መቶኛ ይሁን ለሦስት መቶኛ ጊዜ በጠፋ ምሽት ሐጂ በክሪ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር መሳደብ ነው። አምፖሉን ሰደቡ። አምፖሉን የሸጠላቸውን ባለሱቅ ሰደቡ። ራሳቸውም አርባ ዓመት ሙሉ ጭሮ ላይ ባለሱቅ ሆነው ስንቱን አምፖል «ይሄ ልጅህንም ያገለግላል» እያሉ እንደሸጡ ትዝ ሲላቸው ስድቡን ተዉና ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ማብሪያው ሄዱ። ተጫኑት፤ በራ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው። ይጠፋል፤ ሄደው ይጫኑታል፤ ይበራል፤ ተመልሰው ይቀመጣሉ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ደግሞ እንደገና ድርግም ይላል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ሰውዬው ከመብራቱ ጋር እየተነታረኩ ዕድሜያቸውን በጨረሱ ነበር፤ ከሰው ጋር መነታረክ ካቆሙ ሰንብተዋልና። ግን ከሦስት ሳምንት በፊት ለሰላት የሚታጠቡበትን የውዱእ ማንቆርቆሪያ ይዘው ከጓዳ ሲመለሱ ጠፋባቸው። ሳሎኑ መግቢያ ላይ ያለችውን አንዲት ደረጃ ሳቱና ወደቁ፤ ግራ እጃቸው አንጓው ላይ ተሰነጠቀ። ወጌሻ መጥቶ አሽቶ በቀርከሃ አሰረላቸው። አዳማ የምትኖረው ልጃቸው ዙለይኻ ይህን ስትሰማ ስልኩ ላይ አለቀሰች፤ አልቅሳ ሲወጣላት ደግሞ ቆረጠች።

«አባ፣ ያ መብራት ይሠራ። እስከ ሐሙስ ካልተሠራ መኪና ይዤ መጥቼ እወስድዎታለሁ። ክፍሉን አዘጋጅተናል።»

«እዚያ መጥቼ ምን ልሠራ?»

«ምንም አይሠሩም። አርፈው ይቀመጣሉ።»

ሐጂን ያስፈራቸው ይሄው አርፎ መቀመጥ ነው። ባለፈው ዓመት አዳማ ሄደው ዘጠኝ ቀን ተቀምጠዋል። ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ። ልጅቷና ባሏ ጠዋት ሥራ ይሄዳሉ፤ እሳቸው ቴሌቪዥኑን ያያሉ፤ ቴሌቪዥኑም እሳቸውን ያያል። በዘጠኝ ቀን ውስጥ «አሰላሙ ዐለይኩም» ብለው ሰላምታ ያቀረቡለት ሰው ቢኖር የግቢው ዘበኛ ብቻ ነው። ጭሮ ግን ብቸኛ ቢሆኑም ቤታቸው ነው። ምስማሩን ማን እንደመታው የሚያውቁት ቤት፤ ሚስታቸው የሞተችበት ቤት። ከዚህ ቤት መውጣት አይፈልጉም፤ በአንድ አምፖል ምክንያት ደግሞ ጭራሽ አይወጡም።

ስለዚህ ቶሌሳን አስጠሩት። ቶሌሳ የታወቀ የመብራት ሠራተኛ ነው። ሲሠራ መዝሙር ያንጎራጉራል፤ ሥራው ሲከብደው ድምፁ ከፍ ይላል። እሑድ ጸሎት ቤት ስለሚውል ቤት ቢቃጠልም አይመጣም ይባላል፤ በሌላው ቀን ግን ስልክ ደውለው ሳይዘጉ በር ላይ ነው።

«ማል ታኤ፣ ሐጂ? ምን ሆነ?»

ሐጂ ነገሩት። ቶሌሳ መሰላል ላይ ወጥቶ የአምፖሉን መያዣ ቀየረ፤ አዲስ አምፖል አስገባ፤ ቆጣሪው ጋ ሄዶ የላሉትን ብሎኖች አጠበቀ። ከዚያ ሁለቱ አንጋጠው አንድ ሰዓት ያህል መብራቱን ጠበቁት። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነበር። መብራቱ ሐኪም ፊት እንደቀረበ በሽተኛ ምንም አልሆነም።

«ራኮ ሂን ቀቡ፣ ችግር የለም። አለቀ» አለና ሄደ። ያን ዕለት ማታ፣ ከመግሪብ ሰላት በኋላ፣ ጠፋ።

ጎረቤታቸው የሆነች ሴት ቁርኣን ይቀራበት አለቻቸው። ሱቃቸውን የተከራየው ሚፍታህ የተባለ ወጣት ደግሞ አምፖሉ የቻይና ስለሆነ ነው አለ። ሐጂ ቤቱ ውስጥ ያልተነበበ ቁርኣን እንደሌለ፣ የቻይና ያልሆነ አምፖልም ጭሮ ውስጥ እንደማይገኝ ለሁለቱም በቁጣ አስረዱ። የከተማው መብራት ነው እንዳይባል፣ ጎረቤት ሁሉ እያበራ የሚጠፋው የእሳቸው ሳሎን ብቻ ነው። ረቡዕ ደረሰ። ለዙለይኻ ቀጠሮ አንድ ቀን ሲቀረው ቶሌሳን እንደገና ጠሩት።

ቶሌሳ አሁን መሰላሉን ከማቆሙ በፊት ተቀመጠና መጠየቅ ጀመረ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚጠፋው?»

«ከመግሪብ በኋላ፣ የዒሻ ሰላት ሊደርስ ሲል። አበራዋለሁ። ከዚያ ዒሻ ካለቀ በኋላ ደግሞ ይጠፋል።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«ሐጂ፣ አምፖል ሰላት ያውቃል እንዴ?» አለና ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም። እሱም ሳቁን ሰብስቦ ቀጠለ፦ «ሲጠፋ ባያበሩትስ? ዝም ብለው ቢተዉት ምን ይሆናል?»

«ጨለማ ውስጥ ምን ልሁን ብዬ ዝም እላለሁ?»

«መቼ ነው የጀመረው?»

ሐጂ አሰቡ። «አራት ወር ይሆነዋል።»

ቶሌሳ ተነሳና መሰላሉን ትቶ ወደ ማብሪያው ሄደ። መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋ፤ ብሎኖቹን ፈታ፤ ማብሪያውን ከግድግዳው ስቦ አወጣው። ብዙ ቆየ። መዝሙሩም ቆመ።

«ይሄን ማን ነው የሠራው?»

«ገብሬ የሚባል የድሮ ሠራተኛ። ሞቷል።»

«ጎበዝ ነበር። ይዩት፤ ተራ ማብሪያ ሁለት ሽቦ ነው ያለው። ይሄ ሦስት አለው። ይሄ ማብሪያ ብቻውን አይደለም፣ ሐጂ፤ ጓደኛ አለው። አንዱን መብራት ከሁለት ቦታ የሚያበራና የሚያጠፋ ነው። ሌላኛው የት ነው?»

ሐጂ በክሪ ወዲያው ገባቸው። ዞረው ሳሎኑን መሃል ለመሃል የሚቆርጠውን የብሎኬት ግድግዳ አዩ።

ይህ ሳሎን ድሮ የዚህ ሁለት እጥፍ ነበር። ቤቱን የሠሩት ሐጂ በክሪና ታናሽ ወንድማቸው ከሊል ናቸው፤ ከስልጤ አገር በልጅነታቸው አብረው መጥተው፣ አብረው ነግደው፣ አብረው የሠሩት ቤት። የሐጂ ክፍሎች በወዲህ፣ የከሊል ክፍሎች በወዲያ፣ መሃል ላይ አንድ ትልቅ ሳሎን። ገብሬ መብራቱን ሲዘረጋ «ሁለት አባወራ ናችሁ፤ በየበራችሁ ማብሪያ ላድርግላችሁ፤ ኋላ የሚገባው ያጥፋ» ብሎ ነው እንዲህ የሠራው። ሠላሳ ዓመት ኋላ የገባው ሲያጠፋ ኖረ።

ከሁለት ዓመት በፊት የሐጂ ሚስት በድንገት አረፈች። ከሊል ሚኤሶ ባለው ሱቁ ነበር። ተደወለለት። ቀብሩ አልቆ፣ አንድ ሌሊት አልፎ፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሰ። ሚኤሶ ሩቅ አይደለም፤ በዚያ ላይ ያለፈው ቀን የገበያ ቀን ነበር። ሐጂ ድንኳኑ ውስጥ፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ቀና ብለው አዩትና «ገበያው ደራ?» አሉት።

ከሊል ዞሮ ወጣ። የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱ ሌሊቱን ሙሉ ተዘግቶ እንደነበር፣ ከሊልም መኪናውን ትቶ ብዙ መንገድ በእግሩ እንደመጣ ሐጂ የሰሙት ከሰነበተ በኋላ ነው። ያኔ ሽማግሌ ገብቶ፣ ቤቱ በገመድ ተለክቶ ተከፍሎ ነበር። ሽማግሌዎቹ ያልቆጠሩት ነገር የለም፤ በሩን፣ መስኮቱን፣ የውሃ ጋኑን፣ የአቮካዶውን ዛፍ ሳይቀር ቆጠሩ። የሳሎኑ መብራት በአንድ ክንድ ያህል ወደ ሐጂ ደረሰ፤ ለከሊል ሌላ ቆጣሪ ገባለትና አዲስ መብራት ተዘረጋለት። ማብሪያ ግን ማንም አልቆጠረም። ሐጂም በበኩላቸው የብሎኬቱን ቀዳዳ ሁሉ በሲሚንቶ አስሞሉት፤ ሳሉን እንኳ መስማት አልፈልግም ብለው። ከሊል መውጫውን በማብሪያው በኩል ወደ ጀርባው መንገድ አዙሮ ቤቱን ዘጋና ሚኤሶ ገባ።

ከአራት ወር በፊት ደግሞ ድርቁ ሲበረታ፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ሱቁን ዘግቶ ተመለሰ። ሚስቱ የልጅ ልጅ ልታሳድግ ጅማ ሄዳለች፤ ብቻውን ነው አሉ። ሐጂ ይህን የሰሙት ከሰው ነው። መመለሱን ከሰሙ ወዲህ ቀን ቀን ራቅ ወዳለው መስጊድ ይሄዳሉ፤ የሰፈሩ መስጊድ ውስጥ ከእሱ ጋር አንድ ሰፍ፣ አንድ የሰላት ረድፍ ላይ ላለመቆም። ማታ ማታ እዚያ ድረስ መሄድ ስለማይችሉ ዒሻን ቤታቸው ይሰግዳሉ። ከሊል ግን ዒሻን መስጊድ ነው የሚሰግደው። ሲወጣ ሠላሳ ዓመት እንደለመደው እጁን ወደ በሩ ጎን ይሰዳል፤ ሲመለስም እንዲሁ።

«ሌላኛው ወዲያ ነው» አሉ ሐጂ በመጨረሻ።

ቶሌሳ ግድግዳውን አየ፤ እሳቸውን አየ። ነገሩ ጭሮ ውስጥ የማያውቀው የለም።

«እንግዲያው ወዲያ መግባት አለብኝ። ሽቦዎቹ የሚገናኙት በእሱ ኮርኒስ ውስጥ ነው።»

«አዲስ መብራት ዘርጋልኝ። ያንን ተወው።»

«ሦስት ቀን ይፈጃል። ሐሙስ ነገ ነው ሐጂ።»

ሐጂ የታሰረ እጃቸውን በደህናው እጃቸው ደግፈው ቆሙ። አዳማ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ቴሌቪዥን። «ሂድ» አሉ። «ግን በክሪ ላከኝ እንዳትል።»

«ታዲያ ማን ላከኝ ልበል?»

«መብራት ልሠራ መጣሁ በል። ሠራተኛ አይደለህ?»

ቶሌሳ የሐጂን ኮርኒስ አንድ ጣውላ ከፈተና መሳሪያውን ይዞ በጀርባው መንገድ ዞሮ ሄደ። ግድግዳው ኮርኒሱ ድረስ እንጂ ከዚያ በላይ አልተሠራም ነበር፤ ሽማግሌም ግንበኛም ጣሪያው ሥር ያለውን ባዶ ቦታ አላሰበውም። ቶሌሳ ወዲያም አንድ ጣውላ ሲያነሳ ድምፁ እዚሁ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሆኖ መጣ።

«ሐጂ፣ ይሰማሉ? አምፖሉን እያዩ ይንገሩን። ጋሽ ከሊል፣ ይጫኑት እስቲ።»

ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። መብራቱ ጠፋ።

«ጠፋ?» አለ ቶሌሳ።

«ጠፋ።»

«ደግመው ይጫኑት።»

ቀጭ። በራ። ቶሌሳ ኮርኒስ ውስጥ ከሽቦዎቹ ጋር እየታገለ ስለነበር ለጊዜው መጠየቁን ተወ። ከዚያ ሌላ ድምፅ፣ ሐጂ ሁለት ዓመት ያልሰሙት ድምፅ፣ ቀስ ብሎ ጠየቀ።

«አሁንስ?»

ድምፁ አርጅቷል። ድሮ ሱቅ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ ድምፅ ነበር።

«ሐጂ?» አለ ቶሌሳ።

«በራ» አሉ ሐጂ።

ቀጭ። «አሁንስ?»

«ጠፋ።»

«አሁንስ?»

«በራ።»

ቶሌሳ ትክክለኛውን ሽቦ ለመለየት አምስት ስድስት ጊዜ አስደገማቸው። ሐጂ ከዚያ በላይም ቢደጋግም ግድ አልነበራቸውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተናገሩ ሁለት ሽማግሌዎች «አሁንስ?» «ጠፋ» «አሁንስ?» «በራ» ይባባላሉ፤ ከሠራተኛው ጋር እንጂ እርስ በርሳቸው እንደማይነጋገሩ መስለው። ሐጂ ሳያስቡት ወደ ግድግዳው ተጠግተው ነበር።

«እኔ እኮ ይሄ ማብሪያ ሞቷል ብዬ ነው» አለ ከሊል ወዲያ ለቶሌሳ። «ምንም አያበራልኝም። እጄ ለምዶት ስወጣ ስገባ እጫነዋለሁ።»

ቶሌሳ ሆዱ ውስጥ ነገር የሚያሳድር ሰው አይደለም። «እርስዎ ሲጫኑት ሐጂ ጋ ነዋ የሚጠፋው። በዚሁ ሰበብ ጨለማ ውስጥ ወድቀው እጃቸው ተሰነጠቀ» አለ።

ወዲያ ማዶ እርምጃ ተሰማ። ከሊል ወደ ግድግዳው መጥቶ ነበር፤ በመካከላቸው ብሎኬቱ ብቻ ነበረ።

«በክሪ» አለ። «እጅህ እንዴት ሆነ?»

ሐጂ ሊሉት የሚፈልጉት ነገር ብዙ ነበር። መንገዱ ተዘግቶ እንደነበር ሰምቻለሁ ሊሉት ይፈልጋሉ። በእግርህ መምጣትህን ሰምቻለሁ፤ ያችን ቃል ከአፌ ካወጣኋት ቀን ጀምሮ ሌሊት ሌሊት እሰማታለሁ፤ አፍሬ ነው እንጂ ተቆጥቼ አይደለም። ይህ ሁሉ ደረታቸው ውስጥ ተሰልፎ ቆመ። አፋቸው ሲከፈት ግን የወጣችው አንዲት ቃል ናት።

«ድኗል» አሉ።

እጃቸው ገና በቀርከሃ እንደታሰረ ነበር። ከሊል የሚቀጥል ነገር ካለ ብሎ ጠበቀ፤ መጠበቁም በግድግዳው ይታወቅ ነበር። ሐጂም የሚቀጥለው ቃል ከራሳቸው እንዲመጣ ጠበቁ። አልመጣም።

«ቁረጠው» አለ ከሊል ድምፁን ወደ ቶሌሳ መልሶ። «ይሄን ነገር አሁኑኑ ቁረጠው። ሌላ ቀን ደግሞ እንዳልጥለው።»

ሐጂ «ተወው» ሊሉ ነበር። ነገ ግን ሐሙስ ነው። ፒንሳው ሽቦውን ሲቆርጥ ትንሽ ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የወዲያው ኮርኒስ ተዘጋና የከሊል ክፍል እንደ ሁልጊዜው ጸጥ አለ።

ቶሌሳ ተመልሶ የዚህንም ኮርኒስ ዘጋ፤ ማብሪያውን ወደ ቦታው መልሶ አሰረ፤ ሦስት ጊዜ አብርቶ አጠፋው።

«አለቀ። ከዛሬ ጀምሮ ከእርስዎ በቀር የሚያጠፋው የለም» አለ። መሳሪያውን ሲሰበስብ ቆየና ጨመረ፦ «ጋሽ ከሊል ጫማቸውን አድርገው እስከ በር ተከትለውኝ ነበር። አብረውኝ የሚመጡ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ከዚያ ተመለሱ።»

ሐጂ የድካሙን ሰጡት፤ መርቀው ሸኙት።

መግሪብን ሰገዱና መብራቱ ሥር ተቀመጡ። አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪናዎች ወደ ሐረር ያልፋሉ፤ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማል፤ የሰው ድምፅ ሁሉ በውጭ ነው። ዒሻ ሲቃረብ ሐጂ ሳያውቁት ቀና ብለው አምፖሉን ማየት ጀመሩ። አዛን ተባለ። አምፖሉ እንደበራ ነው። ከሊል ወጥቶ ይሆን? ወይስ ዛሬ ቀርቶ ይሆን? አሞት ይሆን? የሚያውቁበት መንገድ የለም። አራት ወር ሙሉ ሲጠፋ እሱ መውጣቱ፣ ደግሞ ሲጠፋ እሱ በደህና መግባቱ ነበር፤ እሳቸው ግን አምፖሉን ይሰድቡ ነበር። ቢያውቁ ኖሮ ጨለማ ውስጥ ዝም ብለው ይጠብቁት ነበር፤ ሲገባ ደግሞ ራሱ ያበራላቸው ነበር።

ተነሱ። ጫማቸውን አደረጉ። በጀርባው ዞሮ የከሊል በር ጋ ለመድረስ መቶ እርምጃ አይሞላም። በሩን ከፍተው ደፉ ላይ ቆሙ። በሩን ሲከፍትልኝ ምን እለዋለሁ ብለው አሰቡ፤ ያቺ የድንኳኑ ቃል ፊታቸው መጣች። ከእሷ በፊት የሚባል ሌላ ቃል አጡ። ዛሬ ወንድማቸው ራሱ በስማቸው ጠርቷቸው፣ በግድግዳ ተከልለው፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ እንኳ ያልወጣቸውን ነገር በሩ ላይ ቆመው አይሉትም። ራሳቸውን ያውቃሉ። በሩን ዘጉና ተመልሰው ተቀመጡ።

ሰግደው ሲጨርሱ ስልኩ ጠራ።

«አባ፣ ተሠራ?» አለች ዙለይኻ።

«ተሠራ።»

«ዛሬ አልጠፋም?»

«አልጠፋም። ቶሌሳ ጎበዝ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ። በቃ እንግዲህ አሸነፉኝ፤ አልመጣም። ደስ አለዎት?»

ሐጂ ግድግዳውን አዩ። ሲሚንቶውን ራሳቸው ናቸው ያስሞሉት፤ ደህና አድርገው አስሞልተውታል። መብራቱ ክፍሉን ከጥግ እስከ ጥግ ሞልቶታል፤ ከእሳቸውና ከወንበሮቹ በቀር የሚያሳየው ነገር ግን የለም።

«ዙለይኻ።»

«አቤት አባ።»

«ነገ ነይና ውሰጂኝ።»

«መብራቱ ተሠራ አላሉኝም እንዴ?»

«ስለተሠራ ነው» አሉ።